የአንዲት መዥገር ሒሳብ

ጽሑፍ አልችልም። ኮልፌ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት የሥራ ማመልከቻ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ታመምኩና ተነሳሁ። ስነሳ ወንድሜ አልነበረም። እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ መገጣጠሚያው የሚያብጥበት፣ ድካሙ የማይለቀው፣ ሐኪም ሁሉ ምንም የለብህም ያለው ሰው ካለ ይህን ያንብብ። መድኃኒት አልነግረውም። ገንዘቡን የት እንደማይጥል ግን እነግረዋለሁ።

ከመዥገሯ ልጀምር።

በ2020 የዐረፋ ዕለት ከወንድሜ ከሰይድና ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር በግ ለማረድ ከከተማ ውጭ ወዳለ እርሻ ሄድን። እዚህ አገር በግ በግቢህ አታርድም። ገበሬ ዘንድ ትሄዳለህ፣ ትመርጣለህ፣ እዚያው ታርዳለህ። መስጊድ በኮቪድ ተዘግቶ ስለነበር ሰው ተናፋፍቋል፤ ሁሉም ያወራል፣ በጉን በደንብ የያዘ የለም። የእኛው አመለጠ። ቁምጣ ለብሼ ነበር። ወገቤ የሚደርስ ሣር ውስጥ ተከትዬው ገባሁ።

«ሩጥ እንጂ» ይላል ሰይድ ከኋላ እየሳቀ፤ «እንደ ታክሲ ቆመህ ልትጠራው ነው?»

በጉን ያዝኩት። መዥገሯ መቼ እንደያዘችኝ ግን አላውቅም፤ አላየኋትም። የጤፍ ፍሬ የምታህል ናት ይላሉ።

ሰይድ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነበር የምለው። ኮሎምበስ ስምንት ዓመት ኖሯል፣ ዜግነት ወስዷል፣ በራሱ መኪና ዕቃ ያደርሳል። ሚስቱ ዘይነባና ልጁ ሐያት አዲስ አበባ ነበሩ። እነሱን ለማምጣት አሥራ ሰባት ሺህ ዶላር አጠራቅሟል፤ ለማመልከቻው፣ ለትኬቱ፣ ከእኛዋ ባለ አንድ መኝታ ቤት ለሚሰፋ ቤት። ኤምባሲው ቀጠሮ መስጠት አቁሞ ነበርና ገንዘቡ ባንክ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በሽታዬ የሚለካው በዚህ ገንዘብ ስለሆነ አስቀድሜ ተናገርኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ያዘኝ። ከጉልበቴ ጀርባ ጠቆር ያለ ክብ ነገር ወጣ፤ አያሳክክም፣ አያምም። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ነጭ እግር ነው፤ እግሩ ላይ እንደ ዒላማ የተሠራ ቀይ ክብ አለ።

«እንዲህ ነው የሚመስለው?» አለኝ።

እንዲህ አይመስልም። የእኔ እግር ነጭ አይደለም፣ ክቡም ቀይ አይደለም። «ኖ» አልኩት። ስለዚህ መዥገር አይደለም ተባለ። እግሬን ጎንበስ ብሎ ቢያይ ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ አይኖርም ነበር፤ እሱ ግን ፎቶውን አይቶ ጨርሷል። የኮቪድ ምርመራ አደረግኩ፤ የለብህም አሉኝ። ደገምኩ፤ የለብህም። ሦስተኛ ጊዜ የለብህም ካሉኝ በኋላ ምርመራው ስቶ ይሆናል፣ ኮቪድ ነው ብለው ወደ ቤት ሰደዱኝ። የክፍያ ቢሉ የመጣው ለሦስቱም ነው።

በጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ስጠጣ ከአፌ ጥግ ፈሰሰ። መስታወት ፊት ቆምኩ። የፊቴ ግማሽ ወርዷል። ሰይድ ደንግጦ ከታች የሚኖሩትን እትዬ ከድጃን ጠራቸው። እትዬ ከድጃ በረንዳቸው ላይ በባልዲ ዳማ ከሴ ያበቅላሉ፤ ብርድ ሲገባ ባልዲውን ሳሎን ያስገቡታል።

«ምች ነው» አሉ ገና ከበሩ። «ላቡን ሳያደርቅ ወጥቶ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ የምሠራው የመጋዘን ፍሪዘር ክፍል ነው፤ ላብ ከየት ይመጣል?»

«እሱው ነዋ። ከብርድ ወጥተህ ፀሐይ መታህ። ሰይድ፣ ይኼ ልጅ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚከራከረኝ?»

«አሜሪካ ገብቶ ነው» አለ ሰይድ።

ቅጠሉን አሽተው ፊቴን ቀቡኝ። ሆስፒታል ደግሞ ክኒን ሰጡኝ። በስድስት ሳምንት ፊቴ ተመለሰ። እትዬ ከድጃ ዳማ ከሴው ነው አሉ፤ ሐኪሙ ክኒኑ ነው አለ። ሁለቱም ምን እንደያዘኝ አላወቁም፤ ግን እትዬ ከድጃ አላስከፈሉኝም።

በብርዱ ወራት የግራ ጉልበቴ አበጠ። ሌላ ሐኪም ሪህ ነው፣ ሥጋ ቀንስ አለኝ። በወር ሁለቴ ሥጋ የምበላ ሰው ነኝ። ቀነስኩ። ጉልበቴ እንደ ሐብሐብ ሆነ፤ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ዓይኔ ይጨልማል።

አሁን የምናገረውን የማንም ሐኪም ጥፋት አላደርገውም። የራሳችን ነው። በዚያን ጊዜ ሆስፒታል አብሮ መግባት አይፈቀድም ነበር። አስተርጓሚ በነፃ እናመጣለን ቢሉን ሰይድ እንቢ አለ።

«የኮሎምበስ አስተርጓሚ ማለት ሐበሻ ሁሉ በሚውልበት ሞርስ ሮድ ላይ የምታገኘው ሰው ነው» አለኝ። «ጠዋት በሽታህን ይሰማል፣ ከሰዓት ሬስቶራንት ቁጭ ብሎ ያወራዋል።»

ስለዚህ እሱ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ላይ ተቀምጦ በስልክ ያስተረጉማል፤ እኔ ውስጥ ስልኬን ስፒከር ላይ አድርጌ እይዛለሁ። ሐኪሙ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እንዴት ነህ።

«እንዴት ነህ ይልሃል» ይላል ሰይድ።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» እላለሁ።

«ሂ ኢዝ ፋይን፣ ታንክ ጋድ» ይላል ሰይድ።

ሐኪሙ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉልበቴ የምንገባው፤ እሱንም ሰይድ «ትንሽ ያመዋል» ብሎ ነው የሚያስተረጉመው። ሰው ሰላም ሲልህ አልሐምዱሊላህ ትላለህ፤ ከዚያ ውጭ አልተማርንም። ሐኪሙ ሰላምታ የሚለዋወጥ መስሎን ነበር፤ ለካ እየመዘገበ ነው።

በሚያዝያ 2021 አንዲት ወጣት ሐኪም ጉልበቴን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ሣር ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የበጉን ታሪክ ነገርኳት። ሳቀች። ደም ቀዳችና ላይም የሚባል በሽታ ነው አለች። መዥገር ስትነክስ የምታስገባው ጀርም ነው፤ ቆዳን፣ ነርቭንና መገጣጠሚያን ይይዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስም አገኘሁ። የአራት ሳምንት ክኒን ሰጠችኝ፤ ርካሽ ክኒን ነው፣ በመጀመሪያው ነሐሴ ቢሰጠኝ ምናልባት እዚያው ይቀር ነበር። የጉልበቴ እብጠት ጎደለ። ሰይድ በደስታ ለመላው ፎቅ ፒዛ ገዛ።

ድካሙ ግን አልሄደም። ቁርጥማቱ ከእግር ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ አንገት ይዞራል። ማታ ስተኛ ልቤ ይመታል፣ እግሬ ይነዝራል፤ ሰይድ እንዳይነቃ አፌን በትራስ እይዛለሁ። ቃል ይጠፋኛል። አንድ ቀን «ማንኪያ» ማለት አቃተኝ።

ወጣቷ ሐኪም የነርቭ ስፔሻሊስትና የፊዚዮቴራፒ ሕክምና አዘዘችልኝ። ኢንሹራንሱ ከለከለ። ደብዳቤው መጣ። ሰይድ ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ ደገመው።

«‹ታካሚው በተከታታይ ሦስት ቀጠሮዎች ላይ ደህና መሆኑን ስለገለጸ› ይላል» አለ።

«ማነው የገለጸው?»

«አንተ ነሃ።»

«አንተ አይደለህ ያስተረጎምከው?»

«ታዲያ ሰው እንዴት ነህ ሲልህ በሽታ ትዘረግፍበታለህ?»

ሳቅን። ምን እናድርግ። ይግባኝ ለማለት ስንደውል አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙንና መስመሩ ተቋረጠ።

ስለ ኢንሹራንስ አንድ ነገር ልበል። በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዜ ይቆርጡ ነበር። ስታመም ደግሞ ዲደክቲብል የሚባል ነገር አለ፤ እነሱ መክፈል ከመጀመራቸው በፊት ከኪስህ የምትጨርሰው ነው። የእኔ አምስት ሺህ ነበር። ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ ዓመቱ አለቀና ከዜሮ ተጀመረ። ይህን ያሰበ ሰው የሆነ ቦታ ቢሮ አለው፣ ልጆች አሉት፣ ማታ ይተኛል።

በሰኔ ከሥራ ወጣሁ። ዌርሃውስ ውስጥ በቀረህ ቁጥር ፖይንት ይይዙብሃል፤ የእኔ ሞላ። ሱፐርቫይዘሩ ጥሩ ሠራተኛ ነበርክ አለኝና ባጄን ተቀበለኝ። ኢንሹራንሱ አብሮ ሄደ። ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት ነፃ ሕክምና ስጠይቅ ግሪን ካርድህ አምስት ዓመት አልሞላውም ተባልኩ። በሽታው ግን ስንት ዓመት ቆየህ ብሎ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ወደ ክሊኒኩ ልምጣ።

በመስከረም ፌስቡክ ላይ እንደኔ ያሉ ታማሚዎች የሚጽፉበት ገጽ አገኘሁ። ፖላሪስ አካባቢ ክሮኒክ ላይም፣ ሥር የሰደደ ላይም፣ የሚያክም ሐኪም አለ አሉ፤ ሌሎቹ የማያምኑህን እሱ ያምንሃል። ሄድን። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ፏፏቴ አለ። ውኃው ሎሚ ገብቶበታል። የቆዳ ወንበር ላይ አምስት ሰዎች ተኝተው ክንዳቸው ውስጥ መድኃኒት ይንጠባጠባል፤ ማንም አያወራም። ኢንሹራንስ አይቀበሉም፤ ካሽ ወይም ካርድ።

ሐኪሙ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጠኝ። በዓመቱ ውስጥ እንዲህ የሰማኝ ሰው አልነበረም። አልቅሼ ነበር። አሁን ሳስበው ያ አንድ ሰዓት አራት መቶ ሃምሳ ዶላር ነው፤ በዚያ ዋጋ እትዬ ከድጃም ያዳምጡኝ ነበር፣ ምሳም ይጨምሩ ነበር። ጀርሙ ተደብቋል አለኝ። ለወራት በደም ሥር መድኃኒት መግባት አለበት፣ ከዚያ ቫይታሚን፣ ከዚያ ጉበት የሚያጥብ ፈሳሽ። ከተሻለህ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ከባሰህ ጀርሙ እየሞተ ስለሆነ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። መድኃኒቱ የማይሠራበት ሁኔታ በዚያ ቤት አልነበረም።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «ጋሼ፣ የዘይነባ ገንዘብ ነው» አልኩት።

«ኤምባሲው ተዘግቷል። ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?»

«ሲከፈትስ?»

«አንተ ትድንና ሠርተህ ትተካዋለህ። ደግሞ እሷን አምጥቼ አንተን በምን እጅህ ሻንጣ ላሸክምህ ነው?»

ክንዴ ውስጥ እስከ ልቤ ድረስ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አስገቡልኝ። በሳምንት ሁለቴ እሄዳለሁ። ከታዘዘው ሌላ ሁልጊዜ የሚጨመር ነገር አለ፤ የሚዋጥ ዱቄት፣ ካሊፎርኒያ የሚላክ የደም ምርመራ። ሰይድ ካርዱን ያወጣል። ከዚያ እየነዳ ወደ ጎን ያየኛል።

«እንዴት ነው፣ ለውጥ አለ?»

«አለ» እላለሁ።

አልነበረም። ያንን የመሰለ ገንዘብ ሲከፍልልኝ እያየሁ ‹የለም› ማለት አቃተኝ። እሱ ደግሞ ለዘይነባ ይደውላል፤ ተሽሎታል ይላታል። ዘይነባ አዲስ አበባ የልብስ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ያዥ ነበረች። ስንት ከፈላችሁ ትላለች፤ ትንሽ ነው ይላታል። አታምነውም። በእኔ ውሸት ላይ የእሱ ውሸት፣ ከላይ ደግሞ የክሊኒኩ ውሸት። ገንዘብ የበላው ግን ሦስተኛው ብቻ ነው።

እስከ ታኅሣሥ አሥራ ሰባቱ ሺህ አለቀ። በዚያው ወር ኤምባሲው ለዘይነባና ለሐያት ለመጋቢት የኢንተርቪው ቀጠሮ ሰጠ። ሰይድ ደብዳቤውን ስልኩ ላይ ሦስት ጊዜ አሳየኝ፤ ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልተናገረም። እሑድ እሑድም ማድረስ ጀመረ። ክሊኒኩ ደግሞ በጥር መጨረሻ አዲስ ፓኬጅ አለ አለን፤ አሥር ጊዜ ቀድመህ ከከፈልክ እያንዳንዱ አራት መቶ ሰማንያ ይሆናል፣ ቅናሽ ነው። ክሬዲት ካርድ ላይ ከፈለው። በኋላ እንዳወቅኩት ለራሱ ይከፍለው የነበረውን የጤና ኢንሹራንስም ካቆመ ስድስት ወር ሆኖት ነበር።

በየካቲት 2022 አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ደወለልኝ። እኔ ከፓኬጁ አራተኛ ጠብታ ተመልሼ ሶፋ ላይ ነበርኩ።

«ደረቴን ያዝ አድርጎኛል» አለኝ። «ክንዴንም። ጋዝ መሰለኝ።»

«የት ነህ?»

«ኢመርጀንሲው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌያለሁ። ትንሽ ልየውና ካልለቀቀኝ እገባለሁ። በሩን ለማለፍ ብቻ ሁለት ሺህ ነው የሚሉት አይደል?»

እኔም ሒሳብ አሰብኩ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ‹ጋሼ፣ አሁኑኑ ግባ› ማለት ነበረብኝ። «እንደመሰለህ» ነው ያልኩት።

ጥበቃው ያገኘው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሞተሩ አልጠፋም ነበር። ከመኪናው እስከ በሩ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው። ልብ ነው አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

በማግስቱ ቀበርነው። አዲስ አበባ ሽማግሌዎች በጠዋት ሄደው ዘይነባን መርዶ አረዷት። በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሎናችን ውስጥ ዱዓ እያደረገ ስልኬ ጮኸ። ክሊኒኩ ነው። ትናንት አልመጣህም፣ ያልመጡበት ቅጣት አለው አለችኝ ጸሐፊዋ። ወንድሜ ሞቷል አልኳት። በጣም አዝናለሁ አለች። ከዚያ ሳትተነፍስ፣ «ሰኞ ይመችሃል?» አለችኝ።

ዘይነባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች። ስንት ቀረ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገርኳት፤ ምንም። ጠቅላላውንም ነገርኳት፤ በየትኛው ወር ስንት፣ ለምን። እየጻፈች እንደሆነ የወረቀቱ ድምፅ ይሰማኛል። ስጨርስ፣ «እና ተሻለህ?» አለችኝ።

«አልተሻለኝም።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

ዘጋችው። ሁለት ወር አላነሳችልኝም። ልክ ናት።

በዚያ መሐል የቱቦው መግቢያ ቀላ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። እትዬ ከድጃ ዳማ ከሴ አላመጡም፤ የመኪና ቁልፋቸውን አምጥተው በገቢህ ልክ ወደሚያስከፍል ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሟ ሸበት ያለች ሴት ናት። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፤ እንቢ አላልኩም። ሐኪሟ እንዴት ነህ አላለችኝም።

«ትናንት ማድረግ ፈልገህ ያልቻልከውን ንገረኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ረጅም ነበር። ቱቦውን እዚያው አወጣችው። ጀርሙ በመጀመሪያው ክኒን ሞቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ሕመሙ ግን እውነተኛ እንደሆነና በአንዳንድ ሰው ላይ ለወራት እንደሚቀር አስረዳችኝ። የጠብታው መድኃኒት ለዚህ እንደማይረዳ፣ ቱቦው ግን ሊገድለኝ ይችል እንደነበር ነገረችኝ። የከፈልኩት ሃያ ዶላር ነው። መጠበቂያ ክፍሉ ፏፏቴ የለውም፤ የተሰበረ ወንበርና የሚያለቅሱ ሕፃናት ነበሩበት።

መዳን እንዲህ ነበር። ታምር የለውም። ማታ የምውጣት ለነርቭ የምትሆን ርካሽ ክኒን። በሰዓቱ መተኛት። መጀመሪያ እስከ ፖስታ ሳጥኑ መራመድ፤ ከሳምንት በኋላ እስከ መንገዱ። አንድ ቀን አበዛሁና ሦስት ቀን ተኛሁ፤ እንደገና ከፖስታ ሳጥኑ ጀመርኩ። ‹ማንኪያ› ተመለሰልኝ። በሐምሌ ፖላሪስ የሚገኝ ልብስ ቤት ውስጥ በቀን አራት ሰዓት ልብስ ማጠፍ ጀመርኩ፤ በመስከረም ስድስት ሰዓት ሆነ። ዛሬም ሲበርድ ጉልበቴ ያመኛል። ግን እሠራለሁ።

የዘይነባን ጉዳይ ይዤ በነፃ የሚያማክር ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ሰይድ ዜጋ ስለነበር ፋይሏ አብሮት አይሞትም፤ ባሏ የሞተባት የዜጋ ሚስት ሆና በራሷ ስም መቀጠል ትችላለች አለኝ። ወረቀቱን ሞላን። የሞት የምስክር ወረቀት ላክን። በመኸር ሁለቱም ቪዛ አገኙ። ዘይነባ ራሷ ደውላ ነገረችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

«ቪዛው ጊዜ አለው» አለች። «ሱቁን ለቅቄያለሁ፣ ቤቱንም። ትኬት አለህ?»

ትኬቱ ለሁለቱ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነበር። እኔ የሰይድን ክሬዲት ካርድና የቤት ኪራይ ከፍዬ የያዝኩት ሁለት መቶ ዶላር ነው። የሚያበድረኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ከአሥሩ ጠብታ ስድስቱን አልወሰድኩም።

ከልብስ ቤቱ ክሊኒኩ አሥር ደቂቃ ነው። በእግሬ ሄጄ የስድስቱን ገንዘብ መልሱልኝ አልኩ። ጸሐፊዋ የፓኬጅ ገንዘብ አይመለስም፣ ፈርማችኋል አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከፈለግህ ለቤተሰብህ አባል ማስተላለፍ ትችላለህ አለች። ቤተሰቤ የት እንዳለ ነገርኳት። ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች።

የቆዳ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አልሄድም አላልኩም፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ከወጣት ልጇ ጋር የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፤ ልጁ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስንት ጊዜ መጣህ አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ድክም ያለ ነው፤ ግን በሱ ነገርኳት። ስንት እንደከፈልን፣ ምን እንዳገኘሁ፣ ማን እንደሞተ። ቁጥሮቹን ለማንም አልደበቅኩም። ሌሎቹም ከወንበራቸው ቀና አሉ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ዘጋች፣ ልጇን አስነሳችና ወጣች።

ሥራ አስኪያጇ የመጣችው ያኔ ነው። ነጭ ጫማ ያደረገች፣ ፈገግታዋ የማይነቃነቅ ሴት። ወደ ክፍሏ ወሰደችኝ።

«ስንት ብንሰጥህ ዛሬ ትሄዳለህ?» አለችኝ።

የስድስቱ ዋጋ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ነው። እኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ትኬቱ ስለሆነ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አልኩ። ለሌባ ቅናሽ አደረግኩለት። እሷ ቼኩን ጽፋ ከአንድ ገጽ ወረቀት ጋር ሰጠችኝ። የክሊኒኩንና የሐኪሙን ስም በመጥፎ እንዳልጠራ፣ እንዳልጽፍ፣ ለማንም እንዳልናገር ነው። አነበብኩት። ሰይድ ቢኖር ምን ይል እንደነበር ለማሰብ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ቪዛው ጊዜ አለው። ፈረምኩ።

ስለዚህ ስሙን እዚህ አላገኛችሁትም። ዋጋውን ግን ጽፌዋለሁ፣ ፏፏቴውንም። ሳይሻልህም ሲሻልህም መድኃኒቱ ሠራ የሚልህ ሐኪም ካገኘህ፣ ኢንሹራንስ የማይቀበልና አሥሩን ቀድመህ ክፈል የሚልህ ቤት ከገባህ፣ ስሙ ምንም ይሁን ተነስተህ ውጣ። ሐኪም እንዴት ነህ ሲልህ ደግሞ አልሐምዱሊላህን በሆድህ በልና የሚያምህን ንገረው። ደረትህን ካመመህ በሩን አልፈህ ግባ፤ ቢሉ ይቆይሃል።

ትኬቱን በዚያው ሳምንት ቆረጥኩና ለዘይነባ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?»

ነገርኳት። ወንበሩን፣ ሴትዮዋን፣ ቼኩን፣ ወረቀቱን። እንደ መጀመሪያው ጊዜ እየጻፈች ነበር።

«ፈረምክላቸው?» አለችኝ።

«ፈረምኩ።»

«ቼኩ አልፏል?»

«አልፏል።»

ብዕሯን ስታስቀምጥ ተሰማኝ።

«ደግ አደረግህ» አለች። «እኔ አልፈረምኩም። ደረሰኞቹን በሙሉ ሰብስበህ ጠብቀኝ።»